ከተማችሁ የጓሮ ቤት ሕጉን እንዲያሻሽል እንዴት ትገፋላችሁ? (ለዋሽንግተን ስቴት ነዋሪዎች)

ሲያትል አካባቢ ቤት የገዛ ሐበሻ፣ ጓሮው ሰፋ ካለ፣ አንድ ቀን ማሰቡ አይቀርም። "እዚህች ጋ ለእናቴ አንዲት ቤት ብሠራስ?" አገር ቤት ከትልቁ ቤት ጀርባ እንደምንሠራው ሰርቪስ ማለት ነው፤ ይቺኛዋ ግን የራሷ ኩሽና፣ ሻወርና መግቢያ በር አላት። እዚህ ኤዲዩ (ADU) ይሏታል። ቤዝመንት ውስጥም ልትሆን ትችላለች፣ ጋራዥ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከተማው ቢሮ ሲኬድ መልሱ "ይፈቀዳል፣ ግን..." ይሆናል።

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ፐርሚት አወጣጥ አይደለም። ያቺን "ግን" ከሕጉ ውስጥ ስለማስወጣት ነው። የከተማ ሕግ የሚቀየረው ነዋሪ ሲጠይቅ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ሜትር፣ ካልኩሌተርና ትንሽ ትዕግስት ይበቃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ የማን ግዛት እንደሆናችሁ አጣሩ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስካይዌይ የሚኖር ሰው የፖስታ አድራሻው ሲያትል ይላል። ስካይዌይ ግን ሲያትል ከተማ ውስጥ አይደለም። የየትኛውም ከተማ አካል ስላልሆነ የሚያስተዳድረው ኪንግ ካውንቲ ነው። የዚያ ሰው አቤቱታ ሲያትል ምክር ቤት ቢገባ ውሃ ወቀጣ ነው፤ መሄድ ያለበት ለካውንቲው ነው። ተክዊላ፣ ሲታክ፣ ሬንተን፣ ኬንት ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው የዞኒንግ ሕግ (የት ቦታ ምን መሠራት እንደሚችል የሚወስነው) አላቸው።

የኪንግ ካውንቲ "ፓርሰል ቪውወር" የሚባለው ካርታ ላይ አድራሻችሁን አስገቡ። ግቢያችሁ ስንት ስኩዌር ፊት እንደሆነና በማን ሥር እንዳለ ያሳያችኋል። ከዚያ የከተማችሁን የሕግ መጽሐፍ ድረ ገጹ ላይ ክፈቱና ስለ ኤዲዩ የሚለውን ምዕራፍ አንብቡ። እዚያው ላይ አትቁሙ። የሚያስቸግረው ነገር ብዙ ጊዜ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነው ያለው፦ ፓርኪንግ፣ የሕንፃ ከፍታ፣ ከአጥር መራቅ ያለበት ርቀት (ሴትባክ)፣ የዛፍ ደንብ።

2. የስቴቱን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጡ

በ2023 የዋሽንግተን ስቴት ሃውስ ቢል 1337 የሚባለውን ሕግ አጸደቀ። በከተማ ክልል ውስጥ ላሉ ቤቶች ጨዋታውን የቀየረው ይህ ነው። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች፦

- ከተማው በአንድ ግቢ ቢያንስ ሁለት ኤዲዩ መፍቀድ አለበት።
- ባለቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ካልኖረ አይፈቀድም ማለት አይችልም።
- የስፋት ገደብ ካወጣ ከ1,000 ስኩዌር ፊት ማነስ የለበትም።
- የከፍታ ገደቡ ከ24 ጫማ በታች መሆን አይችልም። ዋናው ቤት ራሱ ከዚያ ያነሰ ገደብ ካለበት ብቻ ነው የሚቀንሰው።
- ሴትባክና የዲዛይን ደንብ ከዋናው ቤት ይልቅ ሊጠብቅባት አይችልም።
- ነባር ጋራዥን ወደ ቤት መቀየር ይፈቀዳል፣ ጋራዡ የዛሬውን ሴትባክ ባያሟላም።
- የኢምፓክት ክፍያው (አዲስ ቤት ሲሠራ ከተማው ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመሳሰለው የሚያስከፍለው) ከዋናው ቤት ግማሽ መብለጥ የለበትም።
- ለብቻዋ እንደ ኮንዶ እንዳትሸጥ መከልከል አይቻልም።

ፓርኪንግን በተመለከተ፣ ከዋና የትራንዚት ጣቢያ በግማሽ ማይል የእግር መንገድ ውስጥ ላለ ግቢ ከተማው ተጨማሪ የመኪና ማቆሚያ መጠየቅ አይችልም። በ2025 ስቴቱ በፓርኪንግ ላይ ሌላም ሕግ ስላወጣ አዲሱን እዩት።

ለኪንግ፣ ፒርስ፣ ስኖሆሚሽና ኪትሳፕ ካውንቲዎች የመጨረሻው ቀን 2025 አጋማሽ ላይ ነበር። ቀኑ አልፎ ሕጉን ያላስተካከለ ከተማ ካለ፣ የሚጋጨው የከተማ ደንብ ቀርቶ የስቴቱ ሕግ በቀጥታ ይሠራል። "ታዲያ ምን ቀረን?" ትሉ ይሆናል። ብዙ ቀርቷል። የስቴቱ ሕግ ትንሹን ነው ያስቀመጠው፤ ከዚያ በላይ ማድረግ የከተማው ፈንታ ነው። ስቴቱ ያልነካው ቁጥር ደግሞ አንድን ቤት በደንብ አድርጎ ሊከለክል ይችላል። ቀጥሎ የምታዩት ይህን ነው።

3. ሕጉን ግቢ ላይ ሞክሩት

እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይሄኛውን ነው። ሕግ ሲነበብ ሁሉም ደህና ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ቁጥሩን ግቢ ላይ ስታስቀምጡት ነው።

እንበልና ግቢያችሁ 50 ጫማ በ100 ጫማ ነው። 5,000 ስኩዌር ፊት ማለት ነው። ቤታችሁ ፎቅ የሌለው፣ መሬት ላይ 1,500 ስኩዌር ፊት የያዘ ነው። የከተማው ሕግ ደግሞ "ሕንፃዎች በድምሩ ከግቢው ከ35 በመቶ በላይ መሸፈን አይችሉም" ይላል እንበል። 35 በመቶው 1,750 ነው። ቤታችሁ 1,500ውን ወስዷል። የቀራችሁ 250 ስኩዌር ፊት ነው።

የከተማው ብሮሹር "እስከ 1,000 ስኩዌር ፊት ይፈቀዳል" ይላል። እውነት ነው፣ ይፈቀዳል። 250 ላይ ፎቅ ብትጨምሩበት 500 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ደረጃው ሲቀነስ የቀረውን እናንተው አስቡት። ይህ 35 በመቶ ለማንኛውም ሕንፃ እኩል ስለሆነ የስቴቱን ሕግ አይጥስም። ማንም ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ ቤቷ ግን አትሠራም።

አሁን ወደ ኋላ አስሉት። ምድርና አንድ ፎቅ ያላት፣ በድምሩ 1,000 ስኩዌር ፊት የሆነች ቤት መሬት ላይ 500 ትይዛለች። ከ1,500 ጋር 2,000 ነው፤ ይህም 40 በመቶ። ስለዚህ ገደቡ 40 ቢሆን ከተማው ራሱ የፈቀዳት ቤት ልትሠራ ትችላለች። ግን ቤቷ ለማን ነው? ለእናት ከሆነ፣ ጉልበቷን ለሚያማት ሰው ደረጃ ምን ያደርግላታል? ደረጃ የሌላት፣ 750 ስኩዌር ፊት የሆነች ቤት 45 በመቶ ትፈልጋለች። እንግዲህ የምትጠይቁት ቁጥር ተገኘ፦ 45። ከኪሳችሁ ያወጣችሁት ሳይሆን ከሜትር የመጣ ቁጥር ነው።

እንዲሁ ሴትባኩን ሞክሩት። ከኋላ አጥር 20 ጫማ ራቁ ከተባለ፣ 50 ጫማ ስፋት ባለው ግቢ ላይ 1,000 ስኩዌር ፊት ባዶ መሬት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጓሮው እሱ ራሱ ነው።

የራሳችሁን ግቢ ብቻ አትለኩ። የሁለት ሦስት ጎረቤት ግቢም ለኩ፣ በተለይ ትንሹን። አንድ ሰው ሲያመጣው "የግል ችግርህ ነው" ይባላል፤ ሦስት ግቢ ሲሆን የሕጉ ችግር ይሆናል።

4. ጥያቄውን በሕግ ቋንቋ ጽፋችሁ አስገቡ

በዋሽንግተን ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው የልማት ደንብ (ዞኒንግን የመሰለ) እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ዕቅድ የሚያወጡት ከተሞችና ካውንቲዎች የቀረበውን ሐሳብ መዝግበው ቢያንስ በዓመት አንዴ ማየት አለባቸው። መዝገቡ "ዶኬት" ይባላል። የፕላኒንግ ክፍሉን ደውላችሁ ወይም በኢሜይል "የዶኬት ማመልከቻ መቼ ነው የሚዘጋው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑ ካመለጣችሁ ዓመት መጠበቅ ሊመጣ ነው። ክፍያ ካለውም እዚያው ጠይቁ።

ማመልከቻው ላይ "ቤት ተወዶብናል፣ እባካችሁ" ብቻ አትጻፉ። ያሳዝናል እንጂ ወደ ሕግ አይቀየርም። የሚቀየረውን ዓረፍተ ነገር ራሱን ስጧቸው፦

*አሁን ያለው፦* "በአንድ ግቢ ያሉ ሕንፃዎች በድምሩ ከግቢው ስፋት ከ35 በመቶ በላይ መሸፈን አይችሉም።"

*የምንጠይቀው፦* "በአንድ ግቢ ያሉ ሕንፃዎች በድምሩ ከግቢው ስፋት ከ35 በመቶ በላይ መሸፈን አይችሉም፤ ኤዲዩ ባለበት ግቢ ግን እስከ 45 በመቶ ይፈቀዳል።"

ከሥሩ የሦስቱን ግቢ ስሌት በሰንጠረዥ አስቀምጡ። አንድ ገጽ ይበቃል። የሚገባው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቋንቋው ካስቸገራችሁ እዚህ የተማረ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ሥራ ስጡት።

5. ሂሪንግ እስኪጠራ አትጠብቁ

ከተማው የልማት ደንብ ሊቀይር ሲል ረቂቁን ከማጽደቁ 60 ቀን በፊት ለስቴቱ የንግድ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። ይህ ማለት በሂሪንጉ፣ ሕዝብ አዳራሽ ተሰብስቦ በሚናገርበት ቀን፣ ረቂቁ ብዙውን ጊዜ በስሎ ያለቀ ነው። እንግዲያው ረቂቁን የምትይዙት ገና በፕላነሩ ኮምፒውተር ላይ ሳለ ነው። የሚጽፈውን ሠራተኛ ስም ጠይቁ፣ ሰንጠረዣችሁን ላኩለት። ፕላነሮች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ፤ ስሌት ይዞ የሚመጣ ነዋሪ በየቀኑ አያገኙም።

ቀጥሎ ፕላኒንግ ኮሚሽኑ አለ። እነዚህ የተሾሙ ነዋሪዎች ናቸው፤ ያማክራሉ እንጂ አይወስኑም። ወሳኙ ምክር ቤቱ ነው። ግን የኮሚሽኑ አስተያየት ይሰማል፣ ስብሰባውም ሰው አይበዛበትም፤ ድምፃችሁ እዚያ ይሰማል። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ ጻፉ፤ በስብሰባው ዋዜማ ቢጠየቅ አይደርስም።

የሚሰጣችሁ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ሰላምታና ምስጋና ላይ አትጨርሱት። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"እዚህ ከተማ ነው የምኖረው። ግቢዬ 5,000 ስኩዌር ፊት ነው። አሁን ባለው ደንብ ለጓሮ ቤት የሚቀረኝ 250 ነው። እናቴ ደረጃ መውጣት አትችልም። ገደቡ 45 በመቶ ቢሆን ደረጃ የሌላት 750 ስኩዌር ፊት ቤት እሠራላታለሁ። የሁለት ጎረቤቶቼም ስሌት ተመሳሳይ ነው፤ ወረቀቱን አስገብቻለሁ።"

ተቃዋሚም ይመጣል። ፓርኪንግ፣ ዛፍ፣ "ሰፈራችን ይበላሻል"። አትናደዱ፣ አንዳንዱ ስጋት እውነት አለው። ለምሳሌ ባለሀብት ትንሹን ቤት አፍርሶ ግዙፍ ቪላ እንዳይሠራበት መፍራት ተገቢ ነው። ሲያትል በ2019 ሕጉን ስታሻሽል በአንድ ግቢ ሁለት ኤዲዩ ፈቀደች፣ የፓርኪንግና የባለቤት መኖር ግዴታውን አነሳች፤ ያኔውኑ ደግሞ ለአዲስ ዋና ቤት የስፋት ጣሪያ አበጀች። ኤዲዩው ግን በዚያ ጣሪያ አይቆጠርም ነበር። ትንሽ ቤት እንዲበዛ፣ ግዙፍ ቤት እንዲቀንስ ማለት ነው። እኔ ብልህ አድርጌ የማየው ይሄን ነው፤ ጥያቄያችሁ ላይ ብትጨምሩት ተቃዋሚውን ግማሽ መንገድ ታመጡታላችሁ።

ያ የሲያትል ለውጥ በቀላሉ የመጣ አይደለም። በ2016 ከተማዋ "በአካባቢ (ኢንቫይሮንመንት) ላይ ከባድ ጉዳት የለውም" ብላ ረቂቁን ስታቀርብ የክዊን አን ሰፈር ነዋሪዎች ማህበር ይግባኝ አለ። ጉዳዩን ያየው ባለሥልጣን ሙሉ የአካባቢ ጥናት ይደረግ አለ። ጥናቱ በ2018 ወጣ፣ እንደገና ይግባኝ ተባለበት፣ ከተማዋ ረታች፣ ሕጉ ጁላይ 1 ቀን 2019 ጸደቀ። ዛሬ ከተማ የስቴቱን ሕግ ለማሟላት የሚወስደው እርምጃ በእንዲህ ያለው የአካባቢ ጥናት ክርክር አይከሰስም። እናንተ የምትጠይቁት ግን ስቴቱ ካዘዘው በላይ ከሆነ ከለላው ላይሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ፕላነሩን "ይህ ማሻሻያ የአካባቢ ግምገማ ያስፈልገዋል ወይ?" ብላችሁ በጊዜ ጠይቁት።

6. የድምፅ ቀንና ከዚያ ወዲህ

ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ማሻሻያዎች ይመጣሉ፣ አንዳንዴም በመጨረሻው ሰዓት። አጀንዳው ድረ ገጹ ላይ ሲወጣ የተያያዘውን ሁሉ ክፈቱ። "45" የነበረው "40" ሆኖ ከሆነ ያኔ ነው የምታዩት። በአካባቢያችሁ የተመረጠውን አባል በኢሜይል አግኙት፤ አጭር ይሁን።

ሕጉ አለፈ ማለት ቤቷ ተሠራች ማለት አይደለም። ሦስት ነገር ይቀራል። ሆም ኦውነርስ አሶሲዬሽን ውስጥ ካላችሁ የማህበሩን ደንብ እዩ። የ2023ቱ ሕግ ኤዲዩ እንዳይከለክሉ ያገዳቸው ከዚያ በኋላ የሚመሠረቱትን ነው፤ የድሮዎቹ ክልከላ ሊጸና ይችላል። ሁለተኛ፣ አዲስ የፍሳሽ መስመር ሲቀጠል ኪንግ ካውንቲ "ካፓሲቲ ቻርጅ" የሚለው ክፍያ አለ፤ ኮንትራክተሩ የሰጣችሁ ዋጋ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የለም።

ሦስተኛው ከተማውን ራሱን የሚመለከት ነው። ሲያትል በ2020 አስቀድመው የታዩ የጓሮ ቤት ፕላኖችን ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠች፤ የመረጠ ሰው ፕላኑ እንደ አዲስ ስለማይመረመር ፐርሚቱ ይፈጥንለታል። ከተማችሁ ይህ ከሌለው ለሚቀጥለው ዓመት ዶኬት ሳይሆን ለበጀት ስብሰባው አቅርቡት፤ ለአርክቴክት የሚከፈል ገንዘብ እንጂ የዞኒንግ ለውጥ አይፈልግም።