ለልጃችሁ የማይስማማውን ምግብ እንዴት ትለያላችሁ?

ልጃችሁ ከበላ በኋላ ሆዱን ከነፋው፣ ካስቀመጠው ወይም ዝም ብሎ ከተነጫነጨ፣ ወተቱንም ስንዴውንም እንቁላሉንም በአንዴ አትከልክሉት። እንደዛ ካደረጋችሁ የቱ እንዳስቸገረው አታውቁም፤ ልጁም ለማደግ የሚያስፈልገውን ያጣል።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። የበላውን፣ የጠጣውን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በኋላ የታየውን ምልክትና የሰገራውን ሁኔታ ለሁለት ሳምንት ያህል ጻፉ። ብስኩትና ጁስም ይጻፉ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት እነሱ ናቸው። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል አሁን የበላውን ብቻ መጠርጠር ያሳስታል። መጠኑም ወሳኝ ነው፤ ትንሽ ወተት ምንም ሳይለው ሙሉ ኩባያ ሊረብሸው ይችላል።

አንድ ምግብ ተደጋግሞ ከታየ ደብተሩን ለሐኪም አሳዩ። በሐኪሙ ምክር ያንን አንዱን ብቻ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አቁሙና መልሳችሁ ሞክሩት። ምልክቱ ጠፍቶ ከነበረና አሁን ከተመለሰ፣ ምክንያቱ እሱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ስንዴን ግን ሴሊያክ ለሚባለው፣ ስንዴ አንጀትን ለሚጎዳበት በሽታ የደም ምርመራ ሳይደረግ አታቁሙ፣ ውጤቱን ያዛባል። ከከባድ ተቅማጥ በኋላ የሚመጣ የወተት አለመስማማት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ከበላ በኋላ ከንፈሩ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን ይህ ከባድ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ያንን ምግብ ቤት ውስጥ ደግማችሁ አትሞክሩት፤ ልጁን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።