የቴኒስ ራኬት ላይ ክብደት መጨመር፦ ለደሴ ሜዳ የሚሆነው የቱ ነው?

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን እምብዛም አይገታትም። ስለዚህ እዚህ ከራኬት የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን ቁጥጥር ነው።

መጀመሪያ ክሩን አስተካክሉ። ኮምቦልቻ በ23 ኪሎ የተወጠረ ክር ደሴ ሲወጣ 1 ወይም 2 ኪሎ ቢጨመርበት ኳሷ ከመስመር ማለፏን ትቀንሳለች። ፍሬሙ ላይ ከታተመው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፉ። ክርኑን የሚያመው ሰው ፖሊስተር ከሚያጠብቅ ናይለን ቢያስገባ ይሻለዋል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግም ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል፤ በተራ ኳስ እየተጫወቱ ራኬቱን መውቀስ ትርፉ ድካም ነው።

ክብደት ከመጨመራችሁ በፊት ራኬቱን ወርቅ ቤት አስመዝኑ፤ የአትክልት ሚዛን 2 ግራም አይለይም። ከዚያ ራኬቱን ማስመሪያ ጠርዝ ላይ አጋድሙና ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ከእጀታው ጫፍ ለኩ። 32 ሴ.ሜ. የተለመደ ነው።

6 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው የእርሳስ (የብረቱ እንጂ የመጻፊያው አይደለም) ቴፕ 10 ሴ.ሜ. ርዝመቱ 1 ግራም ያህል ይመዝናል። ፍሬሙን በአልኮል ጥረጉና በውስጥ በኩል፣ የራኬቱን ራስ (ክር የተወጠረበትን ክብ) እንደ ሰዓት ቆጥራችሁ በ3 እና በ9 ሰዓት ቦታ፣ በየጎኑ 2 ግራም ለጥፉ። (ሰዓቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው እንጂ የእኛ አቆጣጠር አይደለም፤ አለዚያ 12 የተባለው ታች ይሆንባችኋል።) ኳስ ከመሀል ውጭ ስታርፍ ራኬቱ እጅ ውስጥ መጠምዘዙ ይቀንሳል፤ ቮሊ (ኳሷን መሬት ሳትነካ መምታት) ላይ ወዲያው ይታወቃል። 12 ላይ መለጠፍን ግን ለደሴ አንመክርም። የውንጨፋው ክብደት (ራኬቱ ሲወነጨፍ የሚሰማው ክብደት) ከእጅ ባለው ርቀት ካሬ ስለሚያድግ እዚያ ያለ 1 ግራም ጎን ላይ ካለው እጥፍ ያህል ይሰማል፤ ኳሷ ይብስ ትርቃለች፣ ሰርቭ ላይ ክንድ ይዘገያል።

የራኬቱ ራስ ከከበደባችሁ እጀታው ውስጥ 10 ግራም ጨምሩ፤ ሚዛኑ ወደ እጅ 1 ሴ.ሜ. ገደማ ይመለሳል፣ ውንጨፋው ግን እምብዛም አይለወጥም። ለዚህ ጎሚስታ ቤት ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈው ባለ 5 ግራም ቁራጭ ይበቃል። እንዳይንኳኳ በጥጥ ጠቅልሉት። የራኬቱ ራስ ላይ ግን አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ይረግፋል።

እርሳስ መርዝ ነው፦ በሌላ ቴፕ ሸፍኑት፣ እጅ ታጠቡ፣ ከልጆች አርቁ።

ክርና ክብደትን በአንድ ቀን አትለውጡ፤ የትኛው ምን እንዳመጣ አይለይም። ቮሊው ረግቶ ሰርቩ ከዘገየ ከየጎኑ 1 ግራም ላጡ።