ውኃ በቀነሰ ማሳ ላይ ፎሶሊያ አበባ ሲያረግፍ፦ ችግርና መፍትሔ

ፓምፑ እንደሚሠራ፣ የጠብታ መስኖው ማጣሪያ እንደታጠበ አይታችኋል ብዬ እነሳለሁ። ጽሑፉ በዝዋይና በመቂ ዙሪያ ናፍታ ሲወደድ ውኃ ቀንሰው ጉድለቱን በዕፅዋት አነቃቂ (ተክሉን ለማበርታት በሚሰጥ ዝግጅት) ለመሸፈን ለሚሞክሩ አምራቾች ነው።

አበባው ይረግፋል፤ የተረፈው ፍሬ አጭር፣ ጎባጣና ክር የበዛበት ነው

ደጋግሜ የምጠራው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ውኃው የተቀነሰው በአበባ ጊዜ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለቦሎቄ ባወጣው ስሌት፣ ተክሉ የሚጠቀመው ውኃ በቅጠል ዕድገት ጊዜ 10 በመቶ ቢጎድል ምርቱ የሚቀንሰው 2 በመቶ ገደማ ነው። ያው ጉድለት በአበባ ጊዜ ቢደርስ 11 በመቶ ይወስዳል። ፎሶሊያም ያው ቦሎቄ ነው፤ በለጋነቱ ይለቀማል እንጂ።

ሰዉ ግን ተገላቢጦሹን ይሠራል። ቡቃያው ሳለ አፈሩን ጭቃ ያደርገዋል፤ ሥሩም ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት ያጣል። ቅጠሉ መደቡን ሲሸፍን የናፍታው ገንዘብ ያልቃል። መቂ አጠገብ ያየሁት አንድ ማሳ ከላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስል ነበር፤ በእጄ ስገልጠው ግን መሬቱ በረገፈ አበባ ነጭ ሆኗል። ባለቤቱ በጠራራ ፀሐይ፣ በጠወለገ ቅጠል ላይ የባሕር አረም ጭማቂ በእጥፍ መጠን ረጭቶ ነበር። ትርፉ የተቃጠለ ቅጠል ሆነ።

መፍትሔው፦ ቁጠባችሁን እንቡጥ ከመታየቱ በፊት ጨርሱ። ከመጀመሪያው እንቡጥ እስከ ለቀማ ውኃውን አትቀንሱ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡ፤ ካልተያያዘ ዘግይታችኋል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ አትቆፍሩ፤ እዚያ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቀትር ላይ መጠውለግ የሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ከጠወለገ ግን የውኃ ጥማት ወይም የሥር በሽታ ነው።

አነቃቂውስ? የባሕር አረም ጭማቂም ሆነ አሚኖ አሲድ ተክሉ መጠነኛ ጥማትን እንዲቋቋም ሊያግዝ ይችላል። ውኃ ግን አይሆንም! ጥማቱ ሳይጀምር፣ በማለዳ ይረጫል። ከመዳብ መድኃኒት ጋር አትቀላቅሉት። ከምን እንደተሠራ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አትግዙ፤ ሻጩ «ሁሉን ያድናል» ካለ ደግሞ ጥላችሁት ውጡ። ጥቂት መስመሮችን ሳትረጩ ተዉ፤ ያለዚያ የከፈላችሁበትን ልዩነት በምን ታውቃላችሁ?

የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል

ብዙ ጊዜ ጨው ነው። ቦሎቄ ጨውን ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ሲሆን ውኃ ሲቀነስ ጨው ሥሩ አጠገብ ይከማቻል። ሂዩሚክ አሲድ የሚባለው አነቃቂ አያጥበውም። ከመዝራት በፊት በብዙ ውኃ እጠቡት፤ የጉድጓድ ውኃችሁን አስመርምሩ። ጨዋማ ማሳ ላይ ውኃ መቆጠብን እርሱት።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ አበባ ይረግፋል

ሙቀት ወይም ትሪፕስ (አበባ ውስጥ የሚደበቅ ደቃቅ ነፍሳት) ነው። አበባውን በነጭ ወረቀት ላይ አራግፉ።

ፍሬው በዘር አብጦ ይጎረብጣል

ለቀማ ዘግይቷል፤ ውኃውን አትውቀሱ።

ለደረቅ ቦሎቄ የተዘራው ላይ አረንጓዴና ደረቅ ፍሬ ይቀላቀላል

ፍሬው ወደ ቢጫ ሲዞር ውኃ ማጠጣቱ አልቆመም ማለት ነው። እዚህ ላይ ናፍታችሁን ያለ ስጋት ቆጥቡ።