ጎተራው ይዝመም፣ ካሜራው ግን ቀጥ ይበል

ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ካውንቲ ስትደርሱ አሮጌ፣ የዘመሙ የእንጨት ጎተራዎች ከመንገዱ ዳር ይታያሉ፤ ይህ ጽሑፍ እነሱን ፎቶ ስለማንሳት ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከገፋችሁ የፔንስልቬኒያው ላንካስተር፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከወረዳችሁ የቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ሸለቆ አለ። (ሸናንዶዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1864 በፊት የተሠራ ማግኘት ይከብዳል፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጄኔራል ሸሪዳን ጦር ብዙውን አቃጥሎታል።) ጎተራ እንበላቸው እንጂ በረትም ናቸው። ተዳፋት ተደግፈው ስለሚሠሩ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ከላይኛው በኩል በቀጥታ ፎቁ ላይ ይገባል። ከብቱ የሚገባው በታችኛው በኩል ነው፤ እዚያ ፎቁ ከድንጋዩ ግድግዳ ወጣ ብሎ ታዛ ይሠራል።

ፎቶ የምታነሱበትን ሰዓት የምትመርጡት ይህን አሠራር አይታችሁ ነው። ታዛው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል፤ ከብቱ በብርዱ ወራት ፀሐይ እንዲሞቅ። በዲሴምበር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ 28 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትወጣ ብርሃኑ ታዛው ሥር ድረስ ይዘልቃል፤ ቅጠልም ስለረገፈ የሚከልል ዛፍ የለም። በጁን ግን 75 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች፤ ቀትር ላይ ከታዛው በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። የሰሜኑ ግድግዳ ተራው በጁን ማለዳና አመሻሽ ነው፤ በዲሴምበር ፀሐይ አያየውም።

የጣውላው ጅማትና ስንጥቅ የሚወጣው ብርሃን ግድግዳውን ከጎን ታክኮ ሲያልፍ ነው። ምልክቱ ምስማር ነው፦ የእያንዳንዱ ምስማር ራስ ጣውላው ላይ ረዘም ያለ ጥላ ከጣለ አንሱ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ፊት ለፊት ከመታችው ግን ግድግዳው እንደ ካርቶን ልሙጥ ይሆናል። ደመና ሲሆን ወደ ቤት አትመለሱ፤ ከዝናብ በኋላ የረጠበ አመድማ ጣውላና የተላላጠ ቀይ ቀለም ይደምቃሉ፤ ነጩን ሰማይ ብቻ ከፍሬሙ አስወጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቋቋም ላይ ነው። ሰፊ እይታ ባለው በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተጠግታችሁ ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀኑት ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ያጋድላሉ፤ ያኔ የዘመመው ጎተራው ይሁን ካሜራው ተመልካች መለየት አይችልም። ከ40 እስከ 60 ሜትር ራቁና አቅርቦ የሚያሳይ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተጠቀሙ፤ ካሜራውንም በውኃ ልኩ አስተካክሉ። ኮረብታማ አገር ስለሆነ አድማሱን አትመኑ። አጠገቡ የኮንክሪት ሳይሎ (የመኖ ማከማቻ ማማ) ካለ አስገቡት፤ እሱ ቀጥ ብሎ ሲቆም የጎተራው መዝመም ይጎላል። ፎቶውን ስታርሙም ራሱ የሚያቃናውን አውቶማቲክ ማስተካከያ አጥፉ፤ ጎተራውን ያቃናላችሁና የመጣችሁበትን ነገር ያጠፋዋል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ከሆናችሁ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 በቂ ነው። ሰፊ ነጭ ሰማይ ካሜራውን አታልሎ ጎተራውን ያጠቁረዋል፤ ኤክስፖዠሩን (ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ (1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)፣ በረዶ መሬቱን ከሸፈነ እስከ 1.7። ዋይት ባላንስ (የቀለም ሙቀት ማስተካከያው) አውቶማቲክ ላይ ሲሆን የንጋቱን ወርቃማነት ሊያጥበው ስለሚችል 5200 ኬልቪን አካባቢ አቁሙት። ፖላራይዘር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ማጣሪያ) ከእርጥብና ከተቀባ እንጨት ላይ ነጸብራቅ ያነሳል፤ ያልተቀባ ቆርቆሮ ላይ ግን እምብዛም አይሠራም፤ እዚያ የሚያዋጣው ቦታ መቀየር ነው። በስልክ ከሆነ 2 እጥፍ አቅርቡ፤ ግድግዳው ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ።

ከአስፋልቱ ለመውረድ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። ላንካስተር ውስጥ ብዙው እርሻ የአሚሾች (ከዘመናዊ ኑሮ የራቀ የክርስቲያን ማኅበረሰብ) ነው፤ ፊታቸው እንዲነሳ አይወዱም፣ ስለዚህ ሕንፃው ላይ ብቻ አነጣጥሩ።

ውስጥ ከተፈቀደላችሁ መጀመሪያ እግራችሁን ተመልከቱ። ፎቁ ላይ ድርቆሽ ወደ ከብቱ የሚጣልበት ቀዳዳ አለ፤ ብዙ ጊዜ ገለባ ሸፍኖት አይታይም። ጣውላውም የበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል የምስማር መስመር እየተከተላችሁ ርገጡ፤ ከሥሩ አግዳሚ አለ። በስንጥቆቹ የሚገባው ብርሃንና ጨለማው በአንድ ፎቶ አይያዙም፤ ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ በ2 ስቶፕ ልዩነት 3 አንሱና በኋላ አዋህዱ። አቧራው በብርሃኑ ዘንግ ውስጥ ሲንሳፈፍ ከፈለጋችሁ ግን አንዱን ፎቶ ብቻ ለብርሃኑ ለክታችሁ አንሱ፤ ሦስቱ ሲዋሃዱ የተንቀሳቀሰው አቧራ ይደበዝዛል።