የሙዚየሙን ጓዳ ለማየት የሚጓዙ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄድ የተማሪ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አይቶ የሚመለሰው ሳሎኑን ነው። የታሪክና የአርኪዮሎጂ ተማሪ የሚማረው ግን ከጓዳው ነው፦ ቅርስ ከሚመዘገብበት፣ ከሚጠገንበትና ከሚቀመጥበት ክፍል።

የመጀመሪያው ስህተት የትብብር ደብዳቤው ላይ «ለጉብኝት» ብሎ መጻፍ ነው። ለጉብኝት የመጣ አዳራሹን ዞሮ ይወጣል። ደብዳቤው የተማሪውን ብዛት፣ የትምህርት ክፍሉን፣ ሊያዩት የፈለጉትን የቅርስ ዓይነት (ብራና፣ የብር ሥራ፣ ቅሪተ አካል) እና ጥያቄዎቻችሁን ይዘርዝር።

«ድንቅነሽን እናያለን» ብሎ ለተማሪ ቃል መግባትም ያስቀይማል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው አፅም በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው። ይልቅ ቅጂ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ።

ከሁሉ የከፋው አርባ ተማሪ በአንድ ጊዜ ክምችት ክፍል ማስገባት ነው። የሰው ትንፋሽና ላብ የክፍሉን እርጥበት ይጨምራል። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ቀለም ግን አብሮት አይለጠጥም፣ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ስምንት ስምንት ሆናችሁ በየተራ ግቡ፤ የቀረው አዳራሹን ይመልከት።

ጓንት ካደረግን ምንም አንጎዳም ማለትም ስህተት ነው። ለብርና ለነሐስ ስስ የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ጓንት ያስፈልጋል፣ የላብ ጨው ብረቱን ስለሚበላው። ለብራና ግን የጥጥ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ የቅጠሉን ጫፍም ይቀድዳል። በባለሙያው ፈቃድ፣ ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። በመርጡለ ማርያም ወይም በዲማ ጊዮርጊስ ዕቃ ቤት መጽሐፍ ሲገለጥ ያየ የጎጃም ልጅ ይህ አይጠፋውም። ጽዋን በእጀታው፣ ዘውድን በጫፉ አታንሡ፤ የቆየ ብየዳ ይለቃል። ሁልጊዜ ከሥር፣ በሁለት እጅ።

እስክሪብቶ ይዞ መግባት የለም፣ እርሳስ ብቻ። ቅርስ ላይ የነካ ቀለም አይለቅም። ፍላሽም አጥፉ፦ ለብራናና ለቀለም ሥዕል የሚመከረው ብርሃን ወደ 50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፣ ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ደግሞ ይጠራቀማል እንጂ አይሽርም። ለመንገድ የተያዘው ዳቦ ቆሎ አውቶቡስ ውስጥ ይቅር፤ ፍርፋሪው የሚስበው ነፍሳት ቀጥሎ ወደ ቆዳው ይሄዳል።

ሌሊት ተነሥቶ በዚያው ቀን መግባት አይመከርም። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገትም አለበት። አድራችሁ ጠዋት ግቡ።

ሳይለማመዱ መሄድም አለ። ከጉዞው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ አሮጌ አገልግል ያምጣና ይመዝግበው፦ ከምን እንደተሠራ፣ ቁመቱና ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፣ የተቀደደው፣ የጎደለው፣ የተጠገነው ቦታ፣ ከጎኑ የእርሳስ ንድፍ። ከዚያ መዝገቡን ለጓደኛው ይስጥ፤ ጓደኛው ከተደረደሩት መካከል በጽሑፉ ብቻ አገልግሉን ለይቶ ካላወጣው እንደገና ይጻፍ።