ስህተት ሳይደበቅ እንዲነገራችሁ፦ ሠራተኛን የማረም ዘዴ

በልብስ ስፌት መስመር ላይ መርፌ ሲሰበር ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ማሽኑ ይቆማል፣ ስብርባሪው ተለቅሞ ይመዘገባል፣ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ቅንጣት ከጠፋች በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ይፈተሻል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት መርፌ የሰበረች ጓደኛዋ በሰው ፊት ስትሰደብ አይታ ከሆነ፣ ስብርባሪውን በእግሯ ገፍታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ልብሱን የሚገዛው ሰው ሕፃን ልጁን ሊያለብሰው ይችላል። ስለዚህ አለቃ ሰውን የሚያርምበት መንገድ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

መጀመሪያ የራሳችሁን ፍርድ ያዙት። ሰው ሲያጠፋ ጠባዩን እንጂ ያለበትን ሁኔታ ማየት ይከብደናል፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሊ ሮስ በ1977 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዝንባሌ ስም ያወጡለት የተለመደ ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ሠራተኛዋን ከመጥራታችሁ በፊት ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ «ሰኞና ማክሰኞ 20 ደቂቃ ዘግይታ ገባች።» «ግዴለሽ ናት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት፤ እሱ ፍርድ ነው። ቀጥላችሁ ከጠባይዋ ውጭ የሆኑ ሦስት ምክንያቶች ፈልጉ። ማሽኑ ደህና ነው? ሰርቪሱ በሰዓቱ ይደርሳል? መመሪያው ገብቷታል? ከሲዳማ ወይም ከወላይታ ገጠር የመጣች ልጅ በአማርኛ በጥድፊያ የተነገራትን ግማሹን ብቻ ሰምታ «እሺ» ልትል ትችላለች። «እሺ» ብዙ ጊዜ አክብሮት ነው፤ መረዳትን አያረጋግጥም። «ገባሽ?» ከማለት «እስቲ አንዴ ሠርተሽ አሳዪኝ» ማለት ይሻላል።

ከተናደዳችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቆዩ፤ ልብ እየመታ ጆሮ አይሰማም። ከዚያ በላይ ግን ለነገ አታሳድሩት። ሺፍት ሊያልቅ ሲልም አትጥሩ፤ ሐሳቧ ሰርቪሱ ላይ ነው። ቦታው ከመስመሩ ራቅ ያለ፣ ሰው የሚያያችሁ ነገር ግን የማይሰማችሁ ይሁን። የተዘጋ ቢሮ ለወጣት ሴት ሠራተኛ ያስፈራል፣ ሐሜትም ያመጣል።

ንግግሩ አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ መርፌሽ ተሰብሮ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ስብርባሪው ካልተገኘ ይህ ሁሉ ልብስ እንደገና ይፈተሻል። እኔ የሆነውን አላየሁም። እንዴት ነበር?» ከዚያ ዝም በሉ። አብዛኛው ሱፐርቫይዘር የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዝምታው ሲከብደው ጥያቄውን ራሱ ይመልሳል፣ ወይም ምክር ይጀምራል። በውስጣችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ይሉኝታ የያዘው ሰው የመጀመሪያው መልሱ ብዙ ጊዜ ሽፋን ነው፤ እውነቱ ቀጥሎ ይመጣል። በሲዳማ የአፊኒ ወግ የሁሉም ወገን ቃል ሳይሰማ አይፈረድም። በዚህ ወግ ያደገ ሰው ሳይሰማ ከተፈረደበት ቅጣቱ ቢቀልም በደሉን አይረሳም።

ሠራተኛው በዕድሜ ከበለጣችሁ «እርስዎ» በሉ። ሥልጣን ይዞ ታላቁን «አንተ» ያለ ወጣት ኃላፊ የቀረው ንግግሩ አይደመጥለትም።

ወቀሳን በሁለት ምስጋና መሀል መጠቅለል ብዙ ቦታ ይመከራል፤ እኛ አንመክረውም። ሰዉ ምስጋናውን በሰማ ቁጥር ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው እያለ ይሰጋል። ምስጋናን ለብቻው፣ ለተሠራው ሥራ፣ በዚያው ቀን ስጡ።

ንግግሩን «ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ» በሚል ቃል አትዝጉት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳዩት ሰው ሐሳቡን ይበልጥ ከግብ የሚያደርሰው መቼና ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ሲወስን ነው። ስለዚህ ራሷ እንዲህ ትበል፦ «መርፌ ሲሰበር ፔዳሉን ለቅቄ እጄን አነሳለሁ።» እናንተም በተራችሁ እጇ ሲነሳ ቶሎ እንደምትደርሱ ቃል ግቡ። ከደረሳችሁም መጀመሪያ የሚወጣችሁ ቃል «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ይሁን፤ ሌላው መስመር ሁሉ በዚያ ሰዓት እናንተን ነው የሚያየው።

ቤት ውስጥም ሥርዓቱ ያው ነው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» የተባለ ባል የሚከራከረው «ሁልጊዜ» ከሚለው ቃል ጋር ነው። «ትናንት ሳትደውል አምሽተህ አሳሰበኝ፤ ምን ገጠመህ?» ብትሉት ስለ ትናንቱ ማምሸት መነጋገር ይቻላል።

በዚህ መንገድ ከጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመዘገበው ስህተት ሊጨምር ይችላል። አትደንግጡ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ሲያጠኑ በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት አስመዝግበው አገኙ፤ ማብራሪያቸውም እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን በግልጽ ስለሚነጋገሩበት ነው የሚል ነበር። ይህን ለበላይ ኃላፊ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ ቁጥሩን አይቶ ቅጣት ያዛል፣ መርፌውም ተመልሶ ይደበቃል።

ከሦስት ቀን በኋላ ሄዳችሁ «እንዴት ሆነልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማሽኑ ተስተካክሎ፣ መመሪያው በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት ያው ጥፋት ከተደገመ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነው። ወረቀቱም ላይ የሚሰፍረው ቀኑ፣ ሰዓቱና የሆነው ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ጠባይዋ አንድም ቃል አይጻፍ።