ፀሐይ የበላትን አሮጌ መኪና እንዴት እናስቀባ?

የኔ ቶዮታ ዲኤክስ ነጭ ናት። ቢያንስ ሊብሬዋ ነጭ ይላል። ኮፈኗና ጣሪያዋ ግን ኖራ ሆነው ስለነበር፣ ጥቁር ለብሶ የተደገፈባት ሰው ሁሉ ክንዱን እያራገፈ ነበር የሚሄደው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል። ከተማዋ እኮ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀለም የሚበላው ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያዘናጋል እንጂ አያድንም።

ሁለት ጊዜ አስቀብቻታለሁ። የመጀመሪያው ቅብ ዓመት አልሞላም። ሁለተኛው እስካሁን አለ።

መጀመሪያ፣ መቀባት ያስፈልጋታል ወይ?

መኪናዋን እጠቡና ኮፈኑ ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ ምረጡ። ትንሽ ኮምፓውንድ፣ ማለትም የቀለም ማሻ ቅባት፣ ከመኪናዋ ቀለም በሚለይ ጨርቅ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘና የታሸው ቦታ ካበራ፣ የሞተው ላይ ላዩ ብቻ ነው። የአንድ ቀን ኮምፓውንድ ሊበቃት ይችላል፤ ብራችሁን ኪሳችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ላዩ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከሆነ ግን ክሊሩ፣ ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ቀለም የለሽ ሽፋን፣ ለቋል ማለት ነው። እሱን ኮምፓውንድ አይመልሰውም።

ወቅቱን ጠብቁ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ክረምት አይሆንም። ወሎ ውስጥ በልግም ስላለ ከየካቲት በኋላ ያለውንም አትመኑት። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ እርጥበቱ አዲስ ቀለም ላይ ወተት የመሰለ ጭጋግ ይጥላል። እኔ የመጀመሪያውን ያስቀባሁት በነሐሴ ነበር። ቀቢው ሥራ ስለሌለው ዋጋ ቀነሰልኝ። በነሐሴ ለምን ሥራ እንደሌለው መጠየቅ ነበረብኝ።

ፎርኖ፣ ማለትም በሙቀት ቀለም የሚያደርቅ ክፍል፣ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ እሰየው። 60 ዲግሪ ላይ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርቀዋል። ከሌለ ቢያንስ በር ያለው ቤት ውስጥ ይቀባ፣ እዚያው ይደር። ሐረጎን ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ማስቀባትም አያስከፋም። ሞቅ ስለሚል ቶሎ ይደርቃል።

ጋራዥ ስትመርጡ

ዛሬ ተቀብታ የወጣች መኪና አትዩ። ዛሬ የተቀባ ሁሉ ያበራል። «አምና የቀባችኋት መኪና የት አለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ስታገኟት የበሩን ጎማ ዳር እዩ። ጎማው ላይ ቀለም ካለ፣ ሳይፈቱ ሸፋፍነው ቀብተዋል። ትንሽ ማግኔትም ያዙ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩ ላይ አስጠጉት። ካልያዘ ከሥሩ ያለው ላሜራ ሳይሆን የስቱኮ፣ የጉድጓድ መሙያው ልስን፣ ግድግዳ ነው።

ከዚያ ተስማሙና በጽሑፍ አድርጉት። ምን ምን ይፈታል? ባውዛ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ፓራውልት፣ የበር እጀታ፣ አንድ በአንድ ይጻፍ። ቀለሙ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ነው ወይስ በቲነር ብቻ የሚቀጥን? የመጀመሪያው ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ይቆያል። ክፍያውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ሲጀመር፣ ተፍቆ ሲያልቅ፣ ስትረከቡ። መሀለኛው ክፍያ ትልቁ ጉልበታችሁ ነው። ቀለም ሳይነካት በፊት ሄዳችሁ እንድታዩ ያደርጋችኋል።

የቀለሙን ቁጥር በግምት አታድርጉት። በብዙ ቶዮታ ላይ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ወይም የበሩ ቋሚ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። «ሲ/ቲአር» ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 040 ነጭ ነው። ቀለም መቀየር ካማራችሁ ደግሞ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ጎራ በሉ። ሊብሬው ላይ ቀለሟ ተጽፏል።

ዋናው ሥራ፣ ፍቂያው

ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ኮፈን፣ ፎርኖ። ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው። ጠላት ሄዶ ቃሉ ቀርቷል።

ዝገት ካለ ነጭ ብረት እስኪታይ ይፈቅ። በዝገት ላይ የተለሰነ ስቱኮ ከሥር ሆኖ ያብጣል። ስቱኮ ሲፋቅም ደረቁን ይሁን። የመጀመሪያው ቀቢ አቧራ እንዳይነሳበት ውኃ እያርከፈከፈ ፈቀው። ስቱኮ ውኃ ይጠጣል። የጠጣውን ይዞ ተቀባ። ፀሐይ ሲመታው በሩ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ወጡ።

የብርጭቆ ወረቀቱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ይሄዳል፦ ስቱኮውን በ80 ቁጥር ቅርፅ ማስያዝ፣ በ180፣ ከዚያ በ320። ፕራይመር፣ ከቀለሙ ሥር የሚገባው መሠረት ቅብ፣ ከተረጨ በኋላ በ400 እና በ600። ይህን ከፕራይመር በኋላ ያለውን ሥራ በውኃ ቢያደርጉት ችግር የለም፣ ስቱኮው ተሸፍኗል።

ሁለተኛው ቀቢ ፕራይመሩ ላይ ስስ ጥቁር ቀለም ነፋ አደረገበት። «ምን ሆነህ ነው አቦ፣ ነጭ እኮ ናት!» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በጣውላ ላይ በጠቀለለው ወረቀት ይፍቀው ጀመር። ጥቁሩ ከሁሉም ቦታ ለቀቀ፣ ከበሩ እጀታ በታች ግን የሳንቲም ያህል ቀረ። ጉድጓዱ እዚያ ነበር። በዓይን ብቻ ቢፈለግ አይገኝም። ቀጥሎ ስስ ጨርቅ መዳፌ ሥር አስገባና «እስቲ ዳብሰው» አለኝ። በባዶ እጅ ያልተሰማኝ በጨርቁ ተሰማኝ። መሀለኛውን ክፍያ ያኔ ከፈልኩ።

ቅቡ

ይሄ አጭሩ ክፍል ነው። በቅባት ማጽጃ ይወለወላል፤ የድሮ ሰም ወይም የጣት ቅባት ከቀረ ቀለሙ እየሸሸ የዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ይተዋል። መስታወቱ በወረቀት ይሸፈናል፣ ወለሉ አቧራ እንዳያስነሳ ውኃ ይረጫል። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ዙር ነው፤ ከቡናው የሚለየው አቦሉ ቀጭን መሆኑ ነው። በየመሀሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። የሚቸኩል ቀቢ ቀለሙን ያንጠባጥበዋል። ክሊር ካለው ሁለት ዙር ይጨመራል።

ሲቀባ አጠገቡ ቆማችሁ አትመልከቱ። ሃርድነር ያለው ቀለም ሳንባ ይጎዳል። ቀቢው ደህና ማስክ፣ የጨርቁን ሳይሆን ማጣሪያ ያለውን፣ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ስትረከቡ

ማታ አትረከቡ። በቀን፣ ደጅ አስወጥታችሁ፣ ከጎኗ ዝቅ ብላችሁ እዩ። ላዩ የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ በ1500 እና በ2000 ተፍቆ በኮምፓውንድ ይስተካከላል፤ እሱን ሳያደርግ አትቀበሉት። የሁለቱን በሮች ቀለም ከኮፈኑ ጋር አስተያዩ።

ለአንድ ሁለት ወር ሰም አትቀቡ፤ ቀለሙ ገና እየተነፈሰ ነው። በላስቲክም አትሸፍኗት። በኦሞ ማጠብም ይቅር፣ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃታል። ወፍ የሚያድርበት ዛፍ ሥር ካቆማችኋት ጠዋት ቶሎ አጽዱላት፣ ኩሱ አዲስ ቀለም ይበሳል።

ባለፈው ሆጤ ጋ ጥቁር ካፖርት የለበሱ አዛውንት ተደግፈዋት አገኘሁ። ሰላም ብያቸው ሲነሱ ክንዳቸውን አየሁ። ምንም የለበትም።